ከደሴ ቦሌ፣ ከቦሌ ጂዳ፦ የትኛው ይርቃል?

ስልኬ ውስጥ ያለው አዛን ድንገት ጮኸ። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይላል። ያለፈው ዓመት ረመዳን ስድስተኛ ቀን ነው። እኔና እናቴ ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ ጂዳ እየበረርን ቀይ ባሕር ላይ ደርሰናል። እናቴ ከቤት በመሐረብ ቋጥራ ያመጣቻትን ቴምር ፈታ ቢስሚላህ ልትል ስትል ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ብርቱካን መስላ ከአድማሱ በላይ ተንጠልጥላለች።

«ይኼ አዛን የየት አገር ነው?» አለችኝ ቴምሯን እንደያዘች።

«የአዲስ አበባ ነው እማዬ።»

«ታዲያ አሁን አዲስ አበባ ነን እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች የውሃ ኮዳቸውን ከፍተው ጠጡ። ከኋላችን ያሉ አንድ አዛውንት ደግሞ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ዝም ብለዋል። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ግማሹ አፍጥሯል፣ ግማሹ ይጠብቃል። እናቴ ቴምሯን መልሳ መሐረቡ ላይ አስቀመጠች። «ፀሐይ እያየችኝ አልበላም» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰባት ስምንት ደቂቃ ያህል እንዲያ ቆየን። የፀሐይዋ የመጨረሻ ጫፍ ከደመናው ጠርዝ ስር ሲገባ «አሁን ይበቃል» አለችና አፈጠረች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ የሰባት ደቂቃ ጥበቃ ነው። ዘንድሮም በዚህ ወር እናት አባቱን ለዑምራ ለመላክ ሽር ጉድ የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለ ቪዛውና ስለ ሆቴሉ የሚነግር አይጠፋም። ስለ መንገዱ ግን፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ በመሃል ፆሙና ኢህራሙ ምን እንደሚሆን ተረጋግቶ የሚያስረዳ ብዙም አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን ያወቅሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

ጉዞው ከቦሌ አይጀምርም

እናቴ የደሴ ሰው ናት። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያን ቀን አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሸዋሮቢትን፣ ደብረ ሲናን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ፣ አዲስ አበባ የገባው ከቀኑ 10 ሰዓት አቅራቢያ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ። በማግስቱ ከቦሌ ጂዳ ስንሄድ፣ ከመነሳት እስከ ማረፍ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ለተጓዥ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወገብ ሕመም ነው ብትባል እናቴ ትስማማለች።

ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ የአየር መንገዱ አቅጣጫ ነው። ጂዳ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ሰሜን ነው፤ ያውም ቀጥ ብሎ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ39 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ነው፤ የጂዳውም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው የምሥራቅና የምዕራብ ልዩነት ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ በላሊበላ ሰማይ አጠገብ አልፎ፣ ትግራይን አቋርጦ፣ አስመራን ራሷን ነክቶ ባሕር ይገባል። ደሴን በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በስተቀኝ ይተዋታል። እናቴ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ የወረደችውን አገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሳ አልፋዋለች ማለት ነው። «ይህን ባውቅ ከደሴ ገመድ ወርውረው ይስቡኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ላይ ርቀት ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። አብራሪዎች የሚቆጥሩት በባሕር ማይል ስለሆነ፣ አንዱ የባሕር ማይል ደግሞ 1,852 ሜትር ስለሆነ፣ በእነሱ አቆጣጠር 760 ማይል ገደማ ይሆናል። የመንገደኛ ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንዲያ ሲሰላ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ባልፈጀ ነበር። ግን አውሮፕላን ከመሬት ሲነሳና ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ በመንደርደሪያው ላይ ተራ ይጠብቃል፤ ነፋስም ይገፋዋል ወይ ያግዘዋል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ በሩ ተዘግቶ ከቆመበት ከተነሳበት፣ ጂዳ ደርሶ እስከሚቆምበት ድረስ ያለው ነው። ለዚህ ነው መርሐ ግብሩ ላይ ሁለት ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ የምታዩት። ወደ መዲና በቀጥታ የሚሄድ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ያ በአየር ላይ የግማሽ ሰዓት ያህል ጉዳይ ነው።

ቀጥታው መስመር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የኖረ እንዳይመስላችሁ። ሰማይም ድንበር አለው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ላይ ሰላም ወርዶ በረራ እስኪጀመር ድረስ ለሃያ ዓመት የእኛ አውሮፕላኖች በአስመራ ሰማይ አያልፉም ነበር፤ ወደ ጂዳ የሚሄደውም ዞሮ ነበር የሚሄደው። የመን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ ሱዳንም በ2015 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ስትገባ፣ በቀይ ባሕር ዙሪያ የሚበር ሁሉ መንገዱን አስተካክሏል። አንድ በረራ ከተለመደው ሃያ ደቂቃ ቢረዝም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከነፋስ ይልቅ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። መካም ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው አምስት ዲግሪ እንኳ ለማትሞላ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ወደ ቂብላ ሲዞር ፊቱን ወደ ሰሜን የሚያደርገው ለዚህ ነው። ጂዳ የሚሄድ አውሮፕላን ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው ደግሞ፣ ብዙውን መንገድ ሳይዞር ቂብላው ከፊቱ ነው። ወደ ሌላ አገር ስትበሩ ይህን ያህል የሚመች መንገድ አታገኙም።

የቀደሙት ስንት ፈጀባቸው?

የአያቴ ታላቅ ወንድም ሐጅ ያደረጉት በእግር ነው። ከወሎ ተነስተው፣ ከነጋዴ ጋር ተጣብቀው፣ ምጽዋ ወርደው፣ በሳንቡቅ ባሕሩን ተሻግረው ጂዳ ገብተዋል። በቤተሰባችን የሚነገረው፣ ሲሄዱ ያረገዘች የነበረች ሚስታቸው፣ ሲመለሱ የሚሮጥ ልጅ ይዛ እንደተቀበለቻቸው ነው። በየመንደሩ እየሠሩ፣ እየቀሩ፣ ዝናብ እያሳለፉ ነበር የሚጓዙት። ሐጂ የሚለው ስም ያን ያህል የሚከበረው አለምክንያት አይደለም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በመካ ለአገራቸው ሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤት አሰናድተው እንደነበር ይነገራል፤ ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጣራ ነውና።

ባሕሩን በተቃራኒው የተሻገሩትንም ማስታወስ ይገባል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ከቁረይሾች ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ ጀልባ የያዙት ከጂዳ በስተደቡብ ካለው ከሹዐይባ ወደብ ነው። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚሉት ለመሳፈሪያ የከፈሉት በነፍስ ወከፍ ግማሽ ዲናር ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የሚያየው የባሕር ዳርቻ ያ ነው። እኛ ከ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነን፣ ሻይ እየተዞረ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ውሃ በአርባ ደቂቃ አልፈነዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚሄዱት፤ በዚያ ፍጥነት ጂዳ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ያቺን አምስት ሰዓት እንኳ በስጦታ ይቀበሏት ነበር።

ትኬቱን ስታነቡ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም በሰፈራችን በየዓመቱ አንድ ሰው ይጎዳል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም። 17:00 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ለእናቴ ይህን ሳስረዳት «17 ሰዓት የሚባል ነገር ከየት መጣ?» ብላኝ ነበር። ከዚያ የከፋው ግን 03:00 ነው። ጎረቤታችን ትኬቱ ላይ ያለውን 03:00 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብሎ ቤተሰቡን አስከትሎ ቦሌ ሲደርስ፣ አውሮፕላኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ፣ ጂዳ ደርሶ፣ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። አባትየው ከፎቶ አንሺዎች ጋር ነበር የመጡት። ቀኑንም ተጠንቀቁ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ በትኬቱ ላይ የሚጻፈው በማግስቱ ቀን ነው። ሐሙስ ሌሊት የሚሄደው ሰው ትኬቱ ዓርብ ይላል። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ የሚባለውም ለረመዳን መንገደኛ ከወትሮው ይበልጣል፤ መስመሩ ረጅም ነው።

ሌላው ጥሩ ዜና፣ የእኛና የሳዑዲ ሰዓት አንድ ነው። ስትደርሱ ሰዓታችሁን አታስተካክሉም፤ የአቆጠር ስሙን ብቻ ነው የምትቀይሩት።

ሰዓቱ አንድ ሆኖ ኢፍጣሩ ለምን ይለያያል?

አሁን ወደ እናቴ ቴምር ልመለስ። አዲስ አበባና ጂዳ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ በካርታውም አንዱ ከሌላው በላይ ነው። ሆኖም ፀሐይ በአንድ ደቂቃ አትጠልቅባቸውም። ምክንያቱ ጂዳ ወደ ሰሜን መራቋ ነው። በታኅሣሥ ቀኑ በጂዳ ያጥራል፤ ፀሐይ ከአዲስ አበባ 25 ደቂቃ ገደማ ቀድማ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ተገላብጦ ከ20 ደቂቃ በላይ ትዘገያለች። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሁለቱ ከተሞች እኩል ያፈጥራሉ ማለት ይቻላል። እኛ በሄድንበት በየካቲት መጨረሻ የጂዳው መግሪብ በሰባት ደቂቃ ገደማ ይቀድም ነበር። ረመዳን በየዓመቱ በአሥር በአሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ ልዩነቱም በየዓመቱ ይለወጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታኅሣሥ ውስጥ ሲገባ ጂዳ ያለ ዘመዳችሁ እናንተ ሳትፈጥሩ ሾርባውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ከታች ያሉት የጂዳ ሰዎች ካፈጠሩ በኋላ እኛ ፀሐይን ስናይ የነበረው ለምንድን ነው? ከፍታው ነው። ተራራ ላይ የቆመ ሰው ሜዳ ላይ ከቆመው ይልቅ ርቆ ያያል። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው አድማሱ ከሦስት ዲግሪ በላይ ዝቅ ይልለታል፤ ፀሐይ ያንን ለመውረድ ደግሞ 12 እና 13 ደቂቃ ያህል ይወስድባታል። ይህ ነገር በሕንጻም ላይ ይታያል። በ2003 ዓ.ም. ረመዳን የዱባይ የፈትዋ ኃላፊ በቡርጅ ኸሊፋ ሕንጻ ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ ሰዎች ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛ ፎቅ በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ አሳስበው ነበር።

ብዙ ዑለማዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ ፆመኛ የሚያፈጥረው ባለበት ቦታ ፀሐይ ከዓይኑ ስትጠልቅ ነው፤ በተነሳበት ከተማ ሰዓትም ሆነ ከስሩ ባለው አገር ሰዓት አይደለም። ነገር ግን መሬት ላይ እያለ ፀሐይ ጠልቃ ካፈጠረ በኋላ አውሮፕላኑ ተነስቶ ፀሐይዋን መልሶ ቢያያት ፆሙ ሙሉ ነው፤ ምግቡን አቋርጦ እንደገና አይፆምም። ከፊታችን የነበሩት ልጆች አልዋሹም፤ ስልካቸውን አምነው ነው። ስልኩ ግን በረራ ላይ ሲሆን የት እንዳለ አያውቅም፤ መጨረሻ ያወቃት ከተማ ቦሌ ነበረች። የእናቴ መስኮት ከስልኬ ይበልጥ አዋቂ ነበር።

ወደ ምዕራብ ለሚበር፣ ለምሳሌ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ፆመኛ፣ ይህ ጉዳይ የደቂቃ ሳይሆን የሰዓታት ነው። መሬት በእኛ አካባቢ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች፤ አውሮፕላኑ የዚያን ግማሽ ፍጥነት ይዞ ፀሐይን ይከተላታል። ቀኑ ይለጠጣል፤ ፆመኛው መግሪብን ሲያሳድድ ይውላል። ወደ ምሥራቅ የሚበረው ግን መግሪብ ራሷ ትመጣለታለች። ጂዳ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ስለሆነች ለፆመኛ ከሁሉ የቀለለች መንገድ ናት።

ደግሞም መንገደኛ መፆም ግዴታው አይደለም። ቁርኣን ለታመመና ለመንገደኛ ማፍጠርን ፈቅዶ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ያዛል። ብዙ ዑለማዎች የጉዞውን ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል፤ ጂዳ ያንን አሥራ ሰባት ጊዜ ይበልጣል። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ችግር ለሚያገኘው ግን ማፍጠሩ እንደሚሻል የማይናገር የለም። እኔም ለእናቴ ይህን ብያት ነበር። ዕድሜዋ 67 ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነበረች። «አላህ የሰጠኝን ፈቃድ አልንቅም፤ ግን ደህና ነኝ» አለችና ፆመች። እውነትም ደህና ነበረች። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ግፊት ብዙ ጊዜ 1,800 ወይም 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አገር ተደርጎ ነው የሚስተካከለው፤ ለጂዳ ሰው ተራራ ነው፣ ለደሴ ሰው ግን ቁልቁለት። የሚያስቸግረው ድርቀቱ ነው። የካቢን አየር ከበረሃ የማይሻል ደረቅ ነው። ሱሁር ላይ ውሃ ማብዛት፣ ቡናና ጨው መቀነስ ይረዳል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወላጆች ግን ነገሩን በድፍረት ሳይሆን ከሐኪማቸው ጋር መክረው ይወስኑ፤ መድኃኒቱም በእጅ ሻንጣ ይሁን።

በእጅ ሻንጣ ካልኩ አይቀር የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ኢህራሜን ቦሌ ላይ በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነበር። ሻንጣው ሲሄድ ነው ትዝ ያለኝ። ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው ሚቃቱ የለምለም ነው፤ ከመካ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቦታ። አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ሆኖ ትይዩውን የሚያልፈው ለማረፍ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጂዳ ደርሼ እለብሳለሁ የሚል ሰው ሚቃቱን አልፎ ነው የሚለብሰው፤ ይህ ላይ ዑለማዎች ብዙ ይናገራሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የመስጊዳችሁን ሸኽ ጠይቁ። ብዙው ሰው ልብሱን ቤቱ ወይም ቦሌ ላይ ለብሶ ይሳፈራል፤ ኒያውንና ተልቢያውን አውሮፕላኑ ላይ ያደርጋል። እኔን ያዳነኝ ከኋላችን የነበሩት ሙስበሃ የሚቆጥሩት አዛውንት ናቸው። ሁለተኛ ኢህራም ነበራቸው። «አንድ የሚረሳ አይጠፋም ብዬ ሁልጊዜ ትርፍ እይዛለሁ» አሉኝ። በጠባቧ መጸዳጃ ውስጥ ክንዴ ግድግዳውን እየመታ ለበስኩት። ስወጣ ሚቃቱ መቃረቡ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ ከፊት እስከ ኋላ ለብበይክ የሚለው ድምፅ ተነሳ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትል እንባዋ እየወረደ ነበር።

ስድስት ዓመትና ሁለት ሰዓት

እናቴ የምታለቅሰው ለካዕባ ብቻ አልነበረም። እህቴ ጂዳ ናት።

ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። በኮንትራት ነው የሄደችው፤ ሁለት ጊዜ አድሳዋለች። የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት ትሠራለች። በረመዳን ሥራዋ ሌሊትና ቀኑ ይገለበጣል፤ ከዐስር ጀምሮ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፣ ከተራዊህ በኋላ እንግዳ ይመጣል፣ ሱሁር ታቀርባለች፣ ከፈጅር በኋላ ነው ጎኗ የሚያርፈው። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ ስለ እሷ ስታወራ «ያ ሩቅ አገር» ነው የምትለው። አውሮፕላኑ ጂዳ ላይ ሲያርፍ ሰዓቴን አይቼ ተነስተን እስክናርፍ ያለውን ደቂቃ ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ይህቺ ናት እንዴ?» አለችኝ። ቃሏን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከእህቴ ጋር ከአንድ ቀበሌ የሄዱ ሁለት ልጆች ግን አውሮፕላን አልያዙም። በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርደው ነው የተሻገሩት። ባብ ኤል መንደብ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠበበ ብሎ የሚገባበት ሁሉ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በጦርነት ውስጥ ያለች የመን አለች፤ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር። አንደኛው ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። ሁለተኛው እስካሁን አልደወለም፤ እናቱ በየመስጊዱ ዱዓ ታስደርጋለች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ተባርረው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ በወራት እንግልት የሄዱትን መንገድ ቦሌ ድረስ የመለሱት በዚያቹ በሁለት ሰዓት በረራ ነው።

የጂዳው ንጉሥ ዐብዱልዓዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ በ1973 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የሐጅ ተርሚናሉ 210 ድንኳን የሚመስሉ ነጫጭ ጣራዎች አሉት፤ መሐንዲሱ ፈዝሉር ኻን የሚባል በዛሬይቱ ባንግላዴሽ የተወለደ ሙስሊም ነበር። እኛ በሌላው በር ወጣን። ከጂዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐረመይን ፈጣን ባቡርም አለ። እኛ በአውቶቡስ ሄደን ሌሊቱን ዑምራችንን ፈጸምን።

ከአራት ቀን በኋላ ማዳሟ ለእህቴ ከዒሻ እስከ ሱሁር ያለውን ጊዜ ፈቀደችላት። ሆቴሉ በር ላይ ጠበቅናት። ጥቁር ዓባያ የለበሱ ሴቶች በብዛት ያልፋሉ፤ ፊታቸው የተሸፈነ ነው። እናቴ ሁሉንም እያየች «ይቺ ናት? ይቺ ናት?» ትለኛለች። አንዷ መጥታ ፊታችን ቆመች፤ አልተናገረችም። እናቴ ፊቷን ሳይሆን እጇን አየች። በልጅነቷ የምጣድ ጠርዝ ያቃጠላት ጠባሳ የቀኝ አውራ ጣቷ ስር ነው። እጇን ይዛ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ልናነሳት አልቻልንም።

ከዚያ ሦስታችንም ሐረም ገባን። እህቴ ለስድስት ዓመት ከካዕባ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ እየኖረች፣ ከዚያ በፊት የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እናቴን ክንዷን ደግፋ አስዞረቻት። ከዚያ እናቴ ከደሴ ያመጣችውን በሶና ቆሎ ክፍላችን ውስጥ ፈትተን ተቀመጥን። ብዙ አላወራንም። እህቴ በየመሃሉ ስልኳን ታያለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ተነሳች፤ ሱሁር ማቅረብ አለባት። በሶውን በፌስታል ቋጠረችው።

ዘንድሮ አልሄድንም። እህቴ ኮንትራቷ ሊያልቅ አምስት ወር ይቀረዋል፤ አታድስም ብለናል፤ እሷም አላድስም ብላለች። ስልኳ ላይ ግን የደሴን የሰላት ሰዓት ጭናለች። ረመዳኑ ሲገባ የጂዳው መግሪብ ከደሴው በጥቂት ደቂቃ ይቀድማል፤ ወሩ ሲያልቅ ይኼ ልዩነት ይጠፋል። በየቀኑ ማዕዱን ለቤቱ ሰዎች አቅርባ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ በቴምርና በውሃ ካፈጠረች በኋላ በዚያች በቀሪዋ ደቂቃ ትደውላለች። እናቴ ቴምሯን ይዛ ስልኩ አጠገብ ትጠብቃታለች።

«አፈጠርሽ?» ትላታለች።

«አዎ እማዬ። እናንተ ገና አራት ደቂቃ አላችሁ።»

«እንግዲያ እስኪደርስ አውሪኝ» ትላታለች እናቴ።